አማና

እኔ ሥራዬ ድለላ ነው፤ ቤት፣ መሬት፣ ሚኒባስ፣ በሬ፣
ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ያልሸጥኩት የለም እስከ ዛሬ።
ወይን ግን፣ የፈረንጅ ወይን፣ ያውም እኔን በዕድሜ የሚበልጠው፣
ደሴ ላይ፣ በሙሄ ቤት ይገኛል ብሎ ማን ሊገምተው?
ስልክ መጣ ከአዲስ አበባ፤ «ሰማሁ» አለኝ አንድ ሰውዬ፣
«ስድስት ጠርሙስ አለ ይባላል፤ አጣራና ጥራኝ ወንድምዬ።»

መጣ፤ አቶ ምንተስኖት፤ ነጭ ጓንት፣ አጉሊ መነጽር ይዞ፣
የጦሳ ጉም ወርዶ ፒያሳን በቀትር አጨልሞ አደንዝዞ፣
ሚኒባሱ ሁሉ መብራት አብርቶ በሚሄድበት ሰዓት።
«ጥሩ ነው» አለ ብርዱን፤ «ወይን የሚወደው ይህን ዓይነት።»

ሙሄ ይመር፣ የድሮው ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣
ሰማንያ ዓመቱ፤ ለተሰበረ ብርጭቆ ሳይቀር መዝገብ ጻፊ።
የሰላቱን አጎዛ አነሳ፤ ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ጉድጓድ፤
ጭድ ውስጥ ስድስት ጠርሙስ፣ ጎን ለጎን እንደ ተኛ ዘመድ።

ምንተስኖት ተንበረከከ። አንዱን ሲያወጣ እጁ ተንቀጠቀጠ፤
አምፖሉ ሥር ከፍ አደረገው፤ ቀይ ጥላ ግድግዳው ላይ ተገላበጠ።
ወረቀቱ ላይ ሁለት ማማ፣ አንድ ረጅም ጥድ ይታያል፤
«ሻቶ ሞርቬል» አለ በሹክሹክታ፤ «በፈረንጅ ስልሳ አንድ ይላል!»

ነገረን፤ አራት መቶ ዓመት አንድ ቤተሰብ እንደ ኖረበት፣
መሬቱ ጠጠር ብቻ፣ የኛ ገበሬ በሬ የማይጠምድበት፤
በዚያ ዓመት ውርጭ አበባውን መትቶት፣ የተረፈው ፍሬ ጥቂት፣
ጥቂቱ ግን የሁሉን ጉልበት የጠጣ፣ ክፉ ዘመን የወለደው ምርት፤
ለንደን፣ ሆንግ ኮንግ፣ ጨረታ ላይ መዶሻ የሚመታለት፣
ሀብታም ከሀብታም ተናንቆ የአንድ ቪላ ዋጋ የሚያወጣለት።
«አንዱ በተጠጣ ቁጥር» አለ፣ «የቀሪው ዋጋ ይሰቀላል።
ስለዚህ የገባው አይከፍትም። ያስቀምጣል። ይጠብቃል።»

ሙሄ ያን ጊዜ ሳቀ። ጥርስ በሌለው አፉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«አብሽር እንግዲህ! እናንተም አትጠጡም? እኔ መስሎኝ የኔ አባዜ!

«ሙሴ ረኔ ነው ያስቀመጠው፤ ኮምቦልቻ ማሽን ሊተክል መጥቶ፤
በስድሳ ስድስት፣ ነገሩ ሲከፋ፣ ‹ሙሄ፣ እመለሳለሁ› ብሎ ትቶ።
ይኸው መዝገቡ፤ ‹ስድስት ጠርሙስ፣ ንብረትነቱ የእንግዳ።›
ሆቴሉ ሲወረስ በዱቄት ጆንያ አሾልኬ አወጣሁት በጓዳ።
ሚስቴ ዓመት አኮረፈችኝ፤ ‹ሐራም ከቤቴ ምን ያደርጋል?›
‹መጠጡ ሐራም ነው፤ አማናውስ?› አልኳት፤ ‹አማና መብላት ይብሳል።›
ከተማው የተዘረፈ ጊዜ ገቡ፤ ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ በሩን ሳይቀር።
እኔ እዚህ አጎዛ ላይ ሱጁድ ወርጄ ነበር።
አላነሱኝም።»

ምንተስኖት ዋጋ ጠራ። እኔ ኮሚሽኔን በልቤ አሰላሁ፣
ሁለት በመቶው ጣሪያ ቀይሮ ሠርግ ሲደግስ አየሁ።
ሙሄ ግን ጭዱን አስተካክሎ፣ ቀና ብሎ አየው በጽሞና፤
«የኔ ባለቤት አለው፤ ቢዘገይም፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለና።
እናንተ የማትጠጡትን ስትጠብቁ፣ ተረካቢያችሁ ማን ነው?»
ሰውየው አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ፎቶ እንኳ ላንሳ አላለም፤
በገዛ እጁ ሊመልሰው። ጓንቱን አውልቆ አስተኛው። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ማታ ሀረጎን ስንወርድ፣ ጥምዝምዙ ሲያንገላታን፣
የኮምቦልቻ መብራት ከታች በጉሙ ሾልኮ ሲያየን፣
«ቤቴ መቶ አርባ ጠርሙስ አለ» አለ፤
ቦርከናን ተሻግረን እስክንቆም፣ ከዚያ ወዲያ ዝም እንዳለ።

በነጋታው ሙሄ ጠራኝ። «አንተ የጠፋ ታገኛለህ አሉ፤
እኔ እንግዲህ ዛሬ ነገ ነኝ፤ ልጆቼም ሩቅ ናቸው ሁሉ።
ባለቤቱን ፈልግልኝ፤ እሱ ባይኖር ልጁን፣ የልጅ ልጁን።
ኮሚሽንህን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ዘረጋ እጁን።

ሁለት መቶ ብር። ቀብድ። በዚያው መዝገብ ላይ ጻፈው፤ ፈረምኩ።
ደላላ ነኝ፤ ቀብድ ከበላሁ ወደ ኋላ የለም፤ ጀመርኩ።
ያለኝ ይኸው ነው፤ ረኔ የሚል ስም፣ የአባቱ ያልተጻፈ፣
ሁለት ማማ፣ አንድ ጥድ፣
እና ሃምሳ ዓመት ያለፈ።